«ቀኑ ቢያልፍም ተራዎ አለ» ያሉን እህታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና አፋቸውን ከመፍታታቸው መጠየቅ ስለማይታክታቸው የአባታችን ደንበኞች «ወይዘሪት ለምን» የሚል ስም አወጡላቸው። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ለምን እንደከሳ ሳያስረዳቸው ከሱቁ አይወጣም ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለው ሊጨርሱ ሲቃረቡ በቤታችን ከባድ ነገር ደረሰ። የዓይን ግፊት ሕመም የነበረባቸው አባታችን የክትትል ቀጠሯቸውን አሳልፈው ኖሮ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ሱቁም ተዘጋ። ዘመድ አዝማድ «በገዛ እጁ ነው ያመጣው፣ ቸልተኛ!» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ የእህታችን አንጀት አረረ። የደንበኛ ቀጠሮ አንድም ቀን አዛብተው የማያውቁ ሰው የራሳቸውን ለምን አዛቡ? ይህን ጥያቄ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሥነ ልቦናም አጠኑ።

በ1982 ዓ.ም. ተመርቀው በጤና ቢሮ ሥራ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ላግባሽ ብላት ‹ለምን?› አለችኝ፤ እስካሁን መልሱን እየፈለግሁ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እያጠኑ፣ በ2002 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። አሁንስ አረፍ ይላሉ ስንል የሰውን ባሕርይ ለመንግሥት ፖሊሲ በሚያጠና የምርምር ክፍል ውስጥ ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ተወዳድረው አሸነፉ። አክስታችን «ዶክተር ከሆነች በኋላም ትምህርት አልጨረሰችም? ምን ነክቷት ነው?» ብለው ክፉኛ ተጨነቁ። ሥራው ባጭሩ፣ ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ለምን እንደማያደርገው መርምሮ ለመሥሪያ ቤቶች መላ ማምጣት ነው። ቦታው የሁለት ዓመት ነበር፤ ውጤት ከተገኘበት ይታደሳል፣ ካልተገኘበት ደህና ሰንብቺ ነው።

እህታችን የመረጡት የአባታችንን ጉዳይ ነው። ቀጠሮ ላሳለፉ የዓይን ክሊኒክ ታካሚዎች በስልክ የሚላክ «ካልመጡ ዓይንዎ ይጠፋል» የሚል መልእክት አዘጋጁ። መልእክቱ የሚላክላቸውና የማይላክላቸው በዕጣ ተለዩ። እኛንም አልማሩን፤ ለቤተሰብ ግብዣ ግማሾቻችንን አስታውሰው ግማሾቻችንን ሆን ብለው ይተዉን ነበር። ማነጻጸሪያ መሆናችንን ያወቅነው ምግቡ ካለቀ በኋላ ስንደርስ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። መልእክቱ ከደረሳቸው ይልቅ ያልደረሳቸው በርከት ብለው መጥተዋል። አለቃቸው «ይኼ እንዳለ ከወጣ ቦታዎ አይታደስም፤ ትንሽ ያለሳልሱት» ቢሏቸው እህታችን ፍንክች አላሉም። «ሐሳቡ የኔ ነበር፤ አልሠራም። አልሠራም ብዬ ነው የምጽፈው» ብለው እንዳለ አወጡት። ግድግዳ ላይ ከሰቀልንላቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ እኛ የምንኮራው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትተው ከታካሚዎቹ ጋር በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ መዋል ያዙ። አንዲት ባልቴት «አንዴ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው በምን ፊቱ ይመለሳል ልጄ? ነርሷ ትጮህብኛለች ብዬ ስንት ጊዜ ከበር ተመለስኩ» አሏቸው። እህታችን ከዚያው በቀጥታ ወደ አባታችን ሄደው ጠየቁ። አባታችንም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እውነቱን አወጡት። ቀኑ ካለፋቸው በኋላ ክሊኒኩ በር ድረስ ሄደው ነበር፤ ቁጣ ፈርተው ተመለሱ። ቸልተኛ አልነበሩም፤ አፍረው ነበር። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ።

አዲሱ መልእክት «ቀኑ ቢያልፍም ተራዎ አለ። ማንም አይቆጣዎትም፤ ይምጡ» የሚል ሆነ። እህታችን መልእክቱን ከመላካቸው በፊት ነርሶቹንም እንግዳ ተቀባዮቹንም ላለመቆጣት ቃል አስገብተዋል። ሰዉ እየጎረፈ መጣ፤ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር መጨመር ግድ ሆነበት። ቦታቸውም ታደሰ፤ ውሎ አድሮም የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። መልእክቱን ሌሎች ሆስፒታሎችም ተቀብለው ይሠሩበታል።

በ2011 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ታመው ታክመው ዳኑ። ቀጥሎ ግን፣ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰው፣ የራሳቸውን የክትትል ቀጠሮ በሥራ ብዛት አሳለፉ። ወራት አለፉ፤ ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። አንድ ጠዋት ስልካቸውን ቢከፍቱ ከሆስፒታሉ መልእክት ገብቷል፤ «ቀኑ ቢያልፍም ተራዎ አለ» ይላል። መጀመሪያ ክው አሉ፤ ቀጥሎ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔም አፍሬ ኖሯል! የራሴው መላ ያዘኝ» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ። ሕመሙ አገርሽቶ ነበር። በመሄዳቸው ግን ሐኪሞቹ ያልጠበቁትን ዕድሜ አገኙ፤ ልጃቸውን ዳሩ፣ የልጅ ልጃቸውን አቀፉ፣ ስድስት ወጣት ተመራማሪዎችንም ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጃቸውና ከአራት ታናናሾቻቸው ሌላ፣ አባታችንም በሕይወት አሉ። ትናንት የሳጥኑን ጠርዝ በእጃቸው ዳስሰው ካገኙ በኋላ «ቀደምሽኝ አይደል ልጄ? እንግዲህ ተራዬን ያዢልኝ» አሏቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማይቆጣበት ቤት ተቀብሎ ያሳርፍልን።