በአለነ ስም የተጨበጨበልኝ ቀን

ለማልጠግብሽ እኅቴ፣ ለእታለም ሐረገወይን፤

እንደምን ከርመሻል? የመካነ ብርሃን ውርጭ እንዴት ያዘሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ ዛሬም ቁልቁለት ሲሆን ያስለቅስሻል? አያ በላቸው ደኅና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፣ ምስጋና ለቅዱስ ሩፋኤል፤ ልቤ ግን አሮብኛል። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ለመሪጌታ እንዳታስነብቢ። አበቡ ማንበብ ለመደች ብለሽኝ የለ? እርሷ ታንብብልሽ።

ልጅሽን አበቡን ከጥምቀት በኋላ ወስጄ ላስተምራት ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌም የቆመው በዚህች በአስተማሪነት ሥራዬ ላይ ነው። ልቤን ያሳረረው ነገር ይኸውልሽ፤ ለዘውድ በዓል ትምህርት ቤታችን ቴአትር አሳየ። ታሪኩ አንዲት ፈረንጅ ሴት ድሮ ከጻፈችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። አንድ ስመ ጥር ዳኛ ማታ ወንድ ሆኖ ተኝቶ ጠዋት ሴት ሆኖ ይነቃል። ፍርዱ ያው፣ አንደበቱ ያው፤ ትናንት እጅ ይነሣው የነበረው ሰው ግን ዛሬ «ዝም በይ» ይላታል። ወደ አማርኛ የመለስሁትም፣ ለመድረክ ያበጀሁትም እኔ ነኝ። ዳኛውንም ሴቲቱንም የሚጫወተው ግን አለነ የሚባል አስተማሪ ሆነ፤ ሴት መድረክ ላይ መታየቷ ነውር ነዋ! እኔ ከመጋረጃ ኋላ ቆሜ ቃል ሲጠፋው ሹክ እንድለው ተመደብሁ።

ዳኛው ወንድ ሆኖ የሚታይበት የመጀመሪያው ክፍል አልቆ መጋረጃው ሲወርድ አለነን ወባው ተነሣበት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ መቆም አቃተው። ውጭ ሰዉ በጭብጨባ ይጣራል። ዲሬክተሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሲቀር፣ እኔ የሴቲቱን ቀሚስ አጥልቄ፣ በነጠላ ተከናንቤ ወጣሁ። ምነው አትበዪኝ፤ ቃሉን ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

እታለም፣ ምነው በኖርሽ! ሰዉ አሁንም አለነ መሰለው። ከፊት የተቀመጡ አንድ ባላባት «አቤት፣ ድምፁን እንዴት አቀጠነው!» ይላሉ። አንዲት ወይዘሮ «እጁን እዩት፣ ቁርጥ የሴት እጅ» ስትል ጎረቤቷ ምን ብትል ሸጋ ነው? «ወገቡ ግን ያሳብቅበታል፤ የወንድ ነገር!» የእኔን ወገብ እኮ ነው! ሳቄን ውጬ ተጫወትሁ። «ትናንት የፈረድሁትን ነው ዛሬም የምፈርደው» ስል ያቺው ወይዘሮ እንባዋን ጠረገች።

ሲያበቃ አለነን ቀሚሱን አልብሰው፣ ደግፈው አወጡት። መንቀጥቀጡን ትሕትና ነው አሉለት፤ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ደርበው ሸለሙት። እርሱም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወሰደ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሰው ሲያወድሰው «ሴት መሆን እኮ ቀላል አይደለም» እያለ ሲመልስ በጆሮዬ ሰማሁ።

ዲሬክተሩም ለብቻዬ ጠርቶ «እንኳየሁ፣ ከጉድ አውጥተሽናል፤ አሁን ግን አፍሽን ያዢ። ሴት አስተማሪ መድረክ ወጣች ከተባለ ወላጅ ሴት ልጁን አይልክልንም፤ አንቺም እዚህ አትቆዪም» አለኝ። አበቡን አሰብሁና «እሺ» አልሁ። ቴአትሩ ለጥምቀት ይደገማል። ትናንት አለነ መጥቶ «እንዳለፈው አድርጌ እንድሠራው አሳዪኝ» አይለኝ መሰለሽ! አሳየሁት። አካሄዴን፣ አቀማመጤን፣ ነጠላዬን የምይዝበትን ሁሉ፤ ሬት ሬት እያለኝ።

አበቡዬ፣ ለእናትሽ የምታነቢው አንቺ ነሽና እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በዪ። ስትመጪ ከተማው «አለነ ሴት ሆኖ ሲጫወት ባየሽ!» ይልሻል። አንቺም እንደኔ ዝም ትያለሽ፤ እንጀራችን ነው። ግን እወቂው፤ እኔ ነበርሁ።

አያ በላቸውን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ከሰሙ ግን ልጃቸውን አይለቋትምና ከጆሯቸው አርቂው። አማትሽን እማማ ሽታዬን እንደምን ሰነበቱ በይልኝ። የሕፃኑን የውዱን ጉንጭ ነክሰሽ ሳሚልኝ። ለአበቡ ወፍራም ጋቢ አልብሺያት፤ እዚህ ካፖርት የሚደረበው ለሌላ ነው።

እኅትሽ እንኳየሁ
ጎንደር፣ ቀሐ፤ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.