ማሂ ማሂ በሁለት ጾም መሐል

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

«የተግባር ምዘና ርዕስ፦ ማሂ ማሂ ዓሣን በቤት ውስጥ ጤናማ በሆነ ዘዴ አብስሎ ማቅረብ። የዓሣው ዓይነት ሊቀየር አይችልም። ሠልጣኞችን በዚህ መሠረት ሳያዘጋጅ የቀረ አሠልጣኝ በኃላፊነት ይጠየቃል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ አራት ነጥቡ ሳይቀር። ነገ ተናድደህ ጨምረህበታል እንዳልባል... ማን ይለኛል? ራሴ።

ጠዋት ከምዘና ጽሕፈት ቤቱ የመጣ ወረቀት ነው። የኮሌጃችን ዲን ዋሴ ሳያነበው ሰጠኝ። «ማሂ» ሁለት ጊዜ የተጻፈው በስህተት መስሎኝ አንዱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ለካ ስሙ ነው! የሞቃት ውቅያኖስ ዓሣ። ወርቃማና አረንጓዴ፣ ግንባሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ።

ሠላሳ ዓመት ስለ ዓሣ ሳስተምር ኖሬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሰቆጣ የሚገባው ዓሣ ከተከዜ ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ውቅያኖስ የለም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ርዕሱን ለሰባቱ ሠልጣኞች አነበብኩላቸው። ከዚያ ሙና፣

«ጋሼ፣ ማይ ማይ ነው የሚለው?»

«ማሂ ማሂ።»

«ማይ እኮ በትግርኛ ውሃ ነው። ውሃ ውሃ... ፈተናው ውሃ ማፍላት ይሆን እንዴ?»

ይታየሽ ከኋላ፣ «ውሃ ከሆነስ ዘንድሮ አልወድቅም።»

ሳቁ አልቆም አለ። ጠረጴዛውን መታሁ። አንዷ «የጋሼ ስሙም ቅጣው!» ስትል ሰማሁ። ማን እንደሆነች አላየሁም። ሰላማዊት ትመስለኛለች።

ይታየሽ አምና የወደቀችው በሁለት ነጥብ ነው። የሳህኑን ጠርዝ በጨርቅ ጠረግሽ ተብላ። ቢላ አያያዟን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይፈርድባትም፤ አንድ ቆሮሶ ከአጥንት ለይታ ስትጨርስ አጥንቱ ላይ ለድመት የሚሆን አይቀርም። የጽጽቃ ልጅ ናት። ባሏ ደግሰው ተከዜ ላይ ዓሣ ያሰግራል። እሷ ልጆቿን ለማስተማር ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ተቀምጣለች። መናኸሪያው አጠገብ ለዓሣ ቤት የተያዘ አንድ ሼድ አለ፤ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ላለው ነው። ማመልከቻው መጋቢት 5 ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ለፀጉር ቤት ይሰጣል ተብሏል። ሼዱን ካላገኘች ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥታ ወደ ጽጽቃ መመለሷ ነው። ይህን የነገረችኝ ዓሣ እየገፈፈች ነው፤ ቀና አላለችም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ለምዘና ጽሕፈት ቤቱ ደወልኩ። በአራተኛው ተነሣ። አንዲት ልጅ ናት።

«ማሂ ማሂ የውቅያኖስ ዓሣ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከውቅያኖስ ያስመጡ ማለት ነዋ።»

«እኔ ያለሁት ሰቆጣ ነው!»

«አቶ ቅጣው፣ ምዘናው ለሁሉም እኩል ነው። ለሰቆጣ ብቻ ማዳላት አንችልም።»

ማዳላት! ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ጥሩ ጥሩ መልስ መጣልኝ...

በቆሮሶ ይተካልን ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሶስና በትከሻዬ በኩል አየችና፣ «ለዓሣ ሦስት ገጽ? ለእኔ በእጮኝነታችን እንኳ ከግማሽ ገጽ አልፈህ አታውቅም» አለች። ግማሽ አልነበረም። አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። አስታውሳለሁ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ሰኞ ጾም ስለሚገባ ለመቅመስ የቀረን ቀን ዛሬ ብቻ ነበር። ሦስቱንም ዘዴ አሠራኋቸው፤ በቆሮሶ።

የመጀመሪያው በደረቅ መጥበሻ ነው። ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፤ እሱም በንጹሕ ጨርቅ መጥበሻው ላይ ተቀብቶ። ይታየሽ ማንኪያዋን አየች፣ እኔን አየች።

«ጋሼ፣ በዚህች ዘይት ዓሣ አይጠበስም። ይቀባል እንጂ፤ እንደ በሽተኛ።»

ሁለተኛው በፎይል ተጠቅልሎ ከሰል ላይ። ፎይሉን ሙና ከአጎቷ ከሰላሕ ሱቅ አመጣች። ሦስተኛው በእንፋሎት፦ ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃና ጦስኝ፣ ላዩ ላይ የፓስታ ማጥለያ፣ ማጥለያው ላይ ዓሣው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ ክዳን። ስምንት ደቂቃ። ሥጋው በሹካ ሲነካ ንብርብር ንብርብሩ መለያየት ሲጀምር ይወጣል። ዘጠኝ ደቂቃ ከቆየ ገለባ ነው። ሰዓት ይዤ ቆምኩ።

የይታየሽን ቀመስኩ። ድጋሚ ቀመስኩ። ሙና «ጋሼ ሦስተኛ ጊዜ ነው» አለች። ሁለተኛ ነው።

ጨውና ቅባት ቀንስ ከተባልኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል?

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። መልሱም መጣ።

«የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት የለውም። ለምዘና የሚቀርበው ዓሣ ማሂ ማሂ ለመሆኑ ከሚመለከተው ባለሙያ የጽሑፍ ማስረጃ ይቅረብ። ምዘናው የካቲት 25 ይካሄዳል።»

የነጥብ አሰጣጡ ከጀርባው አለ። ንጽሕና 20፣ የዘይት መጠን 20፣ አቀራረብ 20፣ ጣዕም 40።

ጣዕም... የካቲት 25 እኮ በሁዳዴ መሐል ነው! ሌላ አገር በጾም ዓሣ የሚበላ አለ ይባላል። እዚህ ማን አፉን ይከፍታል? ቀማሽ ከየት አመጣለሁ?

ቆይ። ሙስሊም ይቅመስ። የሙና ቤተሰብ ብቻ ይበቃል። ተፈታ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ረመዳን ገባ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ዋሴ ቢሮ ገባሁ። ማስረጃውን የሚጽፈው «የሚመለከተው ባለሙያ» ማነው አልኩት።

«አንተ ነሃ! ሌላ የዓሣ ምሩቅ ማን አለን? ቆሮሶውን ማሂ ማሂ ነው ብለህ ጻፍ፤ ማኅተሙን እኔ አሳርፋለሁ።»

«አይደለማ!»

«ባይሆንስ? ዓሣው ይከሰናል?»

በሩን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት። ተመልሼ ከፈትኩና «ሐሰት ላይ ፈርሜ አላውቅም» አልኩት። እንደገና ዘጋሁት።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ይታየሽ ከክፍል በኋላ ቀረች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማስተማሬ አይደለም። ግን ቆሮሶን ቆሮሶ ያለው ማነው? ዓሣው ራሱ አላለ። እኛ ነን ያልነው። ለአንድ ቀን ሌላ ስም ብንሰጠው ምን ይሆናል?»

«ሳይንስ እንዲህ አይደለም።»

«የልጆቼ ነገርስ?»

«የቤት ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። የቤት ሥራ አልሰጠኋትም ነበር።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

አገኘሁት! ሐሰት የሌለበት ዐረፍተ ነገር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

«ለምዘና የቀረበው ዓሣ በሰቆጣ ከተማ ውስጥ ከሚገኝ ከማናቸውም ማሂ ማሂ ምንም የሚለይበት ነገር አልታየም።»

ሰቆጣ ውስጥ አንድም ማሂ ማሂ የለም። ስለዚህ ከየትኛው ይለያል? ከየትኛውም! አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም። ለሶስና አነበብኩላት። «ሕግ ብትማር ኖሮ ታስረህ ነበር» አለች። ፈረምኩ። ዋሴ አሁንም ሳያነብ ማኅተሙን አሳረፈበት።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ምን ዓይነት ቀን ነው... በሥርዓት ልጻፈው።

መዛኙ ጠዋት መጣ። ምስክር ይባላል፤ አርባ የማይሞላው፣ ከረባት ያሰረ። ማስረጃዬን አነበበ፣ «በጣም ግልጽ ነው» አለ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባ። ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተመዛኝ ይታየሽ ነበረች። በእንፋሎት ሠራች። ክዳኑ ሲነሣ የጦስኙ ሽታ እስከ ግቢው በር ደረሰ። ዘበኛው መጥቶ አየና አማትቦ ተመለሰ።

ምስክር ሹካ አነሣ። አስቀመጠ።

«ማነው የሚቀምሰው?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«ጾመኛ ነኝ።»

«እኛም።»

«እኛም» አለች ሙና፣ በሷ በኩል።

«ካልተቀመሰ ዜሮ ነው የምሞላው። ባዶ ብተወው ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

ይታየሽ፣ «እስካሁን ያሸተቱትስ? እሱን ይቁጠሩልኝ እንጂ።»

እውነትም ሲያሸት ነበር። ፊቱ ቀላ። ጾም ያልያዘችው የግቢው ድመት ብቻ ነበረች። ገለልተኛ ቀማሽ ትሁን አልኩ፤ በቁጣ ነው ያልኩት፣ ግን ምስክር መመሪያውን ገልጦ ፈለገ። «ቀማሹ ሰው መሆን አለበት የሚል የለም... ግን ፊርማ ይላል» አለ።

በመጨረሻ ተስማማን። ሁሉም ፀሐይ ስትጠልቅ ያብስሉ፣ ይታየሽም እንደገና፤ የሙና አጎት ሰላሕ እዚሁ መጥቶ ያፍጥር፤ እሱ ይቅመስ። የሥጋ ዘመድ ስለሆነ የሙናን ሌላ ሰው ይቀምስላታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ማንም ስለ ምግብ አላወራም። ምስክር ሁለት ጊዜ ድስቶቹን ለመቁጠር ገባ።

አዛን ተባለ። ሰላሕ ተምር ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ እጁን ጠረገ፣ የይታየሽን ሳህን ሳበ። አኘከ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ማሻ አላህ።»

«ነጥብ? ከአርባ» አለ ምስክር።

«አርባ። ከዚያ በላይ ካላችሁም ጨምሩ።» ሳህኑን አልመለሰም። ይታየሽ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። የሌሎቹም ሳህን ተራ በተራ ተቀምሶ ነጥቡ ተሞላ።

ምስክር ሌላ ወረቀት አወጣ። «የቀመሱት ማሂ ማሂ ለመሆኑ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«የቀመስኩት ምን?»

«ማሂ ማሂ።»

ሰላሕ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ ጅዳ ዓሣ ገበያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማሂ ማሂ ስንቱን ቆራርጫለሁ! ይኼ የተከዜ ቆሮሶ ነው። ከማሂ ማሂም ይበልጣል።»

«አቶ ሰላሕ...» አልኩ።

«ምን ላድርግ አቶ ቅጣው? በጾም አፌ ልዋሽ?»

ምስክር ከፋይሉ ውስጥ ወረቀቴን አወጣ። በዝግታ አነበበው፤ ያኔ ገባው። የሰባቱንም ውጤት አገደ።

በር ላይ ይታየሽ ጠበቀችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ ያቺ ወረቀት ምን ነበር የምትለው?»

በቃሌ ነገርኳት።

«ሰቆጣ ውስጥ ማሂ ማሂ አለ?»

«የለም።»

«እና ከሌለ ነገር አይለይም ብለው ነው የጻፉት?»

«ሐሰት የለበትም።»

«የለበትም» አለች። «እኔ ብሆን ዋሽቼ እጽፍ ነበር። ሲያዝ ዋሸሁ እላለሁ። እርስዎ አሁን ምን ይላሉ?»

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ምን እላለሁ?

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ዋሴ ቤት ድረስ መጣ። ምዘና ጽሕፈት ቤቱ ማብራሪያ ጠይቋል። ጥፋተኛው በስም ካልታወቀ የሁሉም ውጤት ይሰረዛል።

«መውጫ አለህ» አለኝ። «ዓሣውን ያመጣችው ይታየሽ ናት። ማሂ ማሂ ነው ብላ አመጣችልኝ በል። የገጠር ሴት ናት፣ አላወቀችም ይባላል፤ ያልፋል። አንተ ጡረታህ ስድስት ዓመት ነው የቀረው።»

«አላወቀችም? ዓሣ ከኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት!»

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ!»

ሶስና ከጓዳ ወጥታ ጫማውን አቀበለችው። ሠላሳ ዓመት ስጮህ «ቀስ በል» የምትለኝ እሷ ነበረች። ዛሬ አላለችም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ ላክሁት። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ። ከመላኬ በፊት ለይታየሽ አነበብኩላት፤ ለሠልጣኝ ደብዳቤ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ቦታ አስቆመችኝና «ይህ አልገባኝም» አለች። አወጣሁት። ሲወጣ ነው የተሻለው።

«የካቲት 19 የሰጠሁት ማስረጃ ሰውን ለማታለል ታስቦ የተጻፈ ነው። ያሰብኩትም፣ የጻፍኩትም፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ዓሣው ቆሮሶ ነው። ሠልጣኞቹ ማንንም አላታለሉም። ይታየሽ ዓሣውን አጽድታ፣ በተባለው ዘይት መጠን፣ በተባለው ደቂቃ አብስላለች። ማሂ ማሂን ዘጠኝ ዓመት ያወቀ ሰውም አርባ ከአርባ ሰጥቷታል። ከዚህ የበለጠ ምዘና ካላችሁ አሳዩኝ።

ስለዚህ የእኔን ቅጣት በእኔ ስም፣ የእሷን ማረጋገጫ በእሷ ስም፣ እንዳይቀላቀሉ በሁለት የተለያየ ፖስታ ላኩልን። የስድስቱም ባልደረቦቿ ውጤት ይለቀቅ። የሼዱ ማመልከቻ መጋቢት 5 ስለሚዘጋ፣ መልሳችሁ በጽሑፍ እስከ መጋቢት 4 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ይድረስ። የእኔው ፖስታ ቢዘገይ ቅር አይለኝም።»