በጣም የደፈረሰው ጠርሙስ

ሰኔ 3
የሐይቁ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኜ ተመረጥኩ። ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ቢሆንም ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ፣ "ክቡር ሊቀመንበር፣ ቆሻሻው አልወጣም" አለችኝ። አወጣሁ።

ሐይቁ አረንጓዴ ለብሷል። አማቴ እኛ ዘንድ የመጡት፣ ሐኪም ለጉልበታቸው "በየቀኑ ውሃ ውስጥ ይራመዱ" ስላላቸው ነው። አሁን ማንም እንዳይገባ ተከልክሏል። ዛሬ ፎጣቸውን ይዘው እስከ ዳሩ ሄደው ተመለሱ። አንጀቴን በሉት።

ሰኔ 9
ለጎረቤቶች ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። "ዝናብ ከየግቢያችሁ አጥቦ የሚያወርደው አፈር ውሃውን ያደፈርሳል፤ ማዳበሪያው አረንጓዴውን ይቀልባል..." ሁለት ገጽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እንዴት ያምራል። ከዚያ ወጥቼ የራሴ ሣር ላይ ማዳበሪያ በተንኩ። የእኔ ሌላ ነው... እንዴት ሌላ እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰኔ 14
ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ። ጃንጥላ ይዤ የእኛን ጨምሮ በዳሩ ካሉት ስድስት ቤቶች የሚወርደውን ጎርፍ በጠርሙስ ቀዳሁ። የቤት ቁጥር ለጠፍኩባቸው። አንዱ ሻይ በወተት ይመስላል። የማን? የእኔ።

ዳሩ ላይ የነበረውን ሸምበቆ አምና ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሐይቁ ከሳሎን እንዲታየኝ ብዬ። ለካ ጭቃውን የሚይዝልን እሱ ኖሯል።

ቁጥሬን ላጥኩና ከጎረቤታችን፣ ከጡረተኛዋ አስተማሪ ቁጥር ጋር አቀያየርኩት። ሊቀመንበር ነኝ እኮ... ምን ይሉኛል?

ሰኔ 16
ስብሰባ። ጠርሙሶቹን ደረደርኩ። አስተማሪዋ ቁጥራቸውን አዩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። "ይቅርታ አድርጉልኝ። ጽጌረዳዎቼን እነቅላለሁ፤ አፈሩ ከእነሱ ሥር ይሆናል" አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ 17
አስተማሪዋ ጎንበስ ብለው ጽጌረዳቸውን ሲነቅሉ በመስኮት አየኋቸው። አማቴ፣ "ልጄ፣ አሮጊት ናት፣ ሂድና አግዛት እንጂ" አሉኝ። አካፋ ይዤ ሄድኩ። ላግዝ!

ሦስት ከነቀልኩ በኋላ አቃተኝ።
"እትዬ... ያ የደፈረሰው የኔ ነው። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"
እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ፣ "ታዲያ ሦስቱን ከመንቀልህ በፊት አትናገርም ነበር?"
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ሐምሌ 2
ሥልጣን ለቀቅኩ። "ተው" ያለኝ የለም። ሊቀመንበሯ አሁን አስተማሪዋ ናቸው። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው፦ እኔ ሸምበቆ ልተክል። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ተከልኩ። እሳቸው ዳር ቆመው "ቀጥ አድርገው" ይላሉ።

ነሐሴ 28
ሸምበቆው ይዟል። ማዳበሪያ የበተነ የለም፣ እኔን ጨምሮ። ውሃው ግን ያው አረንጓዴ ነው። ባለሙያው መጥቶ አየና "ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል" አለ። አማቴ ሰሙት። ፎጣቸውን አጣጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱ።

ዛሬ ክራንች ገዛሁላቸው። ቁመቱን አስተካክዬ ሰጠኋቸው። ሳሎን ውስጥ አንድ ዙር ሞከሩትና፣ "ተባረክ ልጄ፣ ምን ያላደረግክልኝ አለ" አሉኝ።

ምነው በሰደቡኝ።