ዘጠነኛው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ጥር 18፤ ጧት 2 ሰዓት፣ ላሊበላ

መኪናው ዛሬም አልነሳ አለ። ሾፌሩ ጭንቅላቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ ያጉረመርማል። ቴክኒሻኑ ሀብታሙ የጨረር መለኪያውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ከጎኔ ተቀምጧል። የምንሄደው ወደ ብልባላ። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ።

ሥራው ቀላል ነው ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኩባንያ ከብልባላ በላይ ባለው ተራራ ዩራኒየም ሲፈልግ ጉድጓዶች ቆፍሮ ነበር። የሚያዋጣ አላገኘም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ሲሄድ ጉድጓዶቹን ከታች እስከ አፋቸው በሲሚንቶ መድፈን ግዴታው ነው። መደፈናቸውን አይቶ የሚፈርመው ደግሞ የማዕድን ሥራ የሚቆጣጠረው የእኛ መ/ቤት። አሁን ከወረዳው ደብዳቤ መጣ፤ ከአንዱ ውሃ ይወጣል ይላል።

የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያኔ መንገድ ተዘግቷል፣ ጊዜው ክፉ ነው። ኩባንያው የላከውን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ "ተደፍኗል፣ ተደፍኗል" እያልኩ ምልክት አደረግሁ። ቦታው የተወለድኩበት ቀበሌ ነው። አገሬን በፎቶም አውቀዋለሁ ብዬ ነው መሰል።

መኪናው ተነሳ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፤ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አባዬ ቤት

አየሁት። ቁጥር 9። ፎቶው ላይ የነበረው የሲሚንቶ ክዳን አለ፤ እንደ ቂጣ የሳሳ። ከሥሩ ምንም አልተሞላም። ውሃው ሰንጥቆት ወጥቷል። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ።

የባሰው ሌላ ነው። ቦይ ቀድደው ውሃውን ወደ ማሳ ያወረዱት አባዬ ናቸው። የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ ቦዩን ይጠብቃሉ፣ ተራ ያስይዛሉ፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛሉ። ሰው ሁሉ አያ ደምሌ ይላቸዋል፤ እሳቸው ካሉ አበቃ። ቀበሌው ጉድጓዶቹ ያለ ሥጋት ተዘግተዋል የሚል ወረቀት ለጥፎ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። ሽንኩርቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሴቶቹም ታች ድረስ ወደ እጅ ፓምፑ መውረድ ትተዋል። ከዚሁ ይቀዳሉ።

አባዬ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። "ጠጪ እንጂ ልጄ፣ እግዜር ለሽምግልናዬ የላከልኝ ነው!" ዞር ሲሉ ደፋሁት።

መለኪያው ብዙም አልጮኸም። ሀብታሙ ግን አልተደሰተም። ይህ መሣሪያ የድንጋዩን እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟውን አይነግረንም፣ ላቦራቶሪ ይታይ አለ። ናሙናው በጠርሙስ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። እስከዚያ ሰዉ እንዳይጠጣ ዛሬውኑ እንንገራቸው አለኝ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ውጤቱ ይምጣ አልኩ። ሰው በከንቱ አናስደንግጥ አልኩ። ያልኩት ይህን ነው፤ የፈራሁት ግን ሌላ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ ከሰዓት

የማርያም ዕለት። ሥራ የለም። ከአባዬ ጋር ቦዩን ተከትለን ወረድን።

ልጅነቴ እዚህ ነው ያለው። ሌላ ቦታ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ውሃ ሲለቀቅ ደረቁ ቦይ ውስጥ ከፊቱ እሮጥ ነበር። የውሃው ራስ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ይከተለኛል። ተራው የደረሰውን ሰው በስሙ እጣራለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች የእኔን ድምፅ ሰምተው አካፋቸውን ይዘው ይነሳሉ። እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን ከዚያ ወዲህ የለም፤ ቢሮ ይዤም፣ ማኅተም ይዤም።

አባዬ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ። የተባለው እግር ሲሞላ ያንዱ ተራ አበቃ። ለወንድማቸውም ለጠበኛቸውም እኩል። የእኛ ማሳ ሁሌ መጨረሻ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቃ አትጠግብም ነበር፤ ሽንኩርቷ ስንት ጊዜ ደርቋል። የውሃ አባት ከሰው ቀድሞ አያጠጣም ይሏታል። ክርክሩ አለቀ።

ከዚያ ቦዩን የሚሞላው ምንጭ ደረቀ። ውሃ የሌላቸው የውሃ አባት ሆኑ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር፤ ግን ወደ ቦዩ መሄድ አላቆሙም። ደረቁን ቦይ እየዞሩ ድንጋይ ያነሳሉ፣ አረም ይነቅላሉ።

ዛሬ እንደገና ጥላቸውን ሲለኩ አየሁ። ጎብጠዋል። ድምፃቸው ግን የድሮው ነው። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ነነዌ ገባ። አባዬ እስከ ማታ ይጾማሉ። ጾማቸውን የሚፈቱት በዚያ ውሃ። እኔ ከላሊበላ ያስመጣሁትን የታሸገ ውሃ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄ እጠጣለሁ። የገዛ አባቴ ቤት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ሀብታሙ ዛሬም ጠየቀኝ። ተቆጣሁት። ምን አደረገኝ? ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁት።

የጎረቤታችን ልጆች ቦዩ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። የሚሮጡት ከውሃው ፊት ነው፤ ጨዋታው አልተለወጠም። ወጥቼ ልከልክላቸው አልኩ። ምን ብዬ? ተመልሼ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28፤ 5 ሰዓት

ውጤቱ መጣ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ዩራኒየም አለበት፤ ከሚፈቀደው በላይ። ለመጠጥ አይሆንም። ለመስኖም አፈሩና አትክልቱ እስኪመረመር ይቁም።

ሁለቴ አነበብኩ። የቀበሌው ቤቶች ከሥሬ ተዘርግተዋል። የሁሉንም ባለቤት አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 29፤ ጧት 4 ሰዓት

ነገርኳቸው። ቦዩ ዳር ተቀምጠን። መጀመሪያ ስለ ኩባንያው አወራሁ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ፎቶው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዚያ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ።

"የመጣሽ ዕለት ውሃውን ስትደፊው አይቻለሁ" አሉኝ። "ልጄ ያወቀችው ነገር አለ፣ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ።"

አስር ቀን። አስር ቀን እየጠጡ ጠበቁኝ።

ለምን አልጠየቁኝም አባዬ፣ አልኩ። አለቀስኩ። ልጅ አይመረመርም አሉ፤ እሱ ራሱ ሲከብደው ያወጣዋል። ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። እኔ አርጅቻለሁ፣ እነዚህ ሕጻናትስ? አሉ። የጠጣ ሁሉ ኩላሊቱን መመርመር አለበት፤ ሀብታሙ ጤና ጣቢያውን ሊያነጋግር ወዲያው ሄደ። ሲሄድ ይቅርታ ጠየቅሁት። አይዞሽ አለኝ፤ ይህን ከሰማሁ ወዲህ የባሰ ከበደኝ።

አባዬ ተነሱና ቦዩን ዘጉ። ላግዝዎት አልኩ፤ እምቢ። የውሃ አባት የከፈተውን ሌላ ሰው አይዘጋውም። ጓሉን እየጫኑ፣ ድንጋይ እየደረቡ። ያንን ሽንኩርት ቀና ብለው አላዩትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጧት ሰዉን ሰበሰቡልኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ሳላይ ፈረምኩ አልኩ። ባወቅሁ ጊዜም ዘገየሁ አልኩ። የሚሰድበኝ ጠብቄ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ መንግሥት አይቶታል ሲባል ነው የጠጣነው፣ አሉና ተቀመጡ። አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ እኔ መጣች። "እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ የጠጣውስ?" አለችኝ።

ሴቶቹ ከሰዓት እንስራቸውን አዝለው ወደ እጅ ፓምፑ ሲወርዱ አየሁ።

ሲሚንቶው ከነገ ወዲያ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከታች እስከ አፉ ሲሞላ ቆሜ አያለሁ። የቀሩትም ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተከፍተው ይታያሉ።

አለቃዬ ደወለ። ጥፋቱ የኩባንያው ነው በይ፣ ፊርማውን "የአሠራር ክፍተት" ብለሽ እለፊው አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው። ኩባንያው መጠየቁ አይቀርም። ግን የምሞላው የሪፖርት ቅጽ ላይ "ያረጋገጠው ባለሙያ ሙሉ ስም" የሚል ቦታ አለ። ሪፖርቱም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል።

ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። አባዬ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወጥቼ ነገርኳቸው፤ ስሜን ስጽፍ የእርስዎም ይከተላል፣ ከጥፋቱ ሥር አብሮ ይለጠፋል አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ ምን ልትይ ኖሯል፣ አባት የለኝም? ጻፊው!" አሉ።

ገብቼ ጻፍኩት። ዘርፌ ደምሌ።