ጠባቂዋና ክንደ ብረት

ለማትጠገቢው እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገቤን ያዝ ያደርገኛል ብለሽ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከስፌት መኪናው ስትነሺ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? አባባስ እንዴት ነው? ዓይኑ ብርሃንና ጥላ እንኳ ይለይለታል? ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከዜና አንባቢው ጋር መጣላቱን እንዳልተወ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከተወማ ታሟል ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እንዲያውም ወፍሬ ቀበቶዬን በአንድ ቀዳዳ አላልቼአለሁ።

ሥራው ያው ነው። የሆስፒታሉን አንሶላ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን፤ በማግስቱ ቆሽሾ ይመለስልናል። ከኔ ጋር የሚውሉት ሁለት ናቸው። አንዷን በኛ ቋንቋ ተኳሿ ልበልሽ፤ ጠመንጃ እንዳይመስልሽ፣ ካውያ ነው። ሌላው ልብሱን የሚያመላልሰው ሹፌር ነው፤ ኤሊ እስኪቀድመው ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ፍሬን እንለዋለን።

ይኸው ፍሬን ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሳጥን ካርታ ይዞ መጣ። የቁማሩ ካርታ አይደለም። በያንዳንዱ ላይ ልዩ ኃይል ያለው ጀግና ተሥሏል፤ አንዱ ይበራል፣ አንዷ በግድግዳ ታልፋለች፣ አንዱ አውቶብስ ያነሳል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ ጀግኖቻቸውን አጣምረው አንድ ክፉ ይገጥማሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ሲያርፉ አንሶላ የምናጥፍበት ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን። ተኳሿ የራሷን ሕግ ጨመረችበት፦ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ጀግና ያወጣ ሰው፣ ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ካላወራ አይጫወትም። ለፍሬን በረዶ የምትተፋ አሮጊትና እሳት የሚለብስ ጎረምሳ ደረሱት። እሷን አከራይ፣ እሱን ተከራይ አደረጋቸው፤ እሱ ክፍሉን ሲያሞቅ እሷ ስታቀዘቅዝ፣ በጭቅጭቃቸው መሃል ሌባ ያዙ ብሎ በሳቅ ገደለን።

ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። በጫማ ካርቶን ላይ አንቺ ስትሥዪ እኔ ቀለም ስቀባ፣ መርፌ እንደ ጦር የያዘችውን ሴትዮ ከባለ ሦስት እግሩ ዶሮ ጋር አጣምረሽ ዓለምን ታድኚ ነበር። ዶሮውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው እግር ስህተት ነበር፤ አንቺ ግን ኃይሉ እሱ ነው ብለሽ ከሳቅ አዳንሽኝ።

ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደረሰ። የወጡልኝ ተራራ የሚንደው ክንደ ብረትና ጋሻ ይዛ በር ላይ የቆመች ሴት ነበሩ። ስሟን አንብቤ በሆዴ ጠባቂዋ ብዬ ተረጎምኩት። ወደ እነሱ ቋንቋ ስመልሰው ግን ተምታታብኝና፣ ኃይሏ ቆማ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው አልኳቸው። እኛ ጋ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ እነሱ ጋ ዘብ መቆም ሌላ፣ የሚመጣን ሰው መጠበቅ ሌላ ነው። ፍሬን ሻዩ ትን አለው፤ አውቶብስ ነው ወይ የምትጠብቀው ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አንዴ ከተሳሳትኩ ስህተቴን ሙጭጭ ነው። እንግዲያው ስሙኝ ብዬ ጀመርኩ። ክፉው በተመታ ቁጥር የሚያብጥ ጭራቅ ነው። ክንደ ብረት ሩቅ አገር ድረስ እያባረረ በደበደበው ቁጥር ጭራቁ ከተማ አከለ። ጠባቂዋ ግን ከቤቷ በር ንቅንቅ አላለችም። ቢጮህ ቢያጓራባት እጇን አላነሳችም። ዱላ ሲያጣ ተራበ፣ ከሳ፣ በመጨረሻ ድመት አክሎ ደጃፏ ላይ ተኛ። ክንደ ብረት እጁ ተሰብሮ ሲመለስ ቤቱን እንደነበረ አገኘው። ሳቁ ቀረ፤ እኔም ኮራሁ። ተኳሿ ብቻ የጠባቂዋን ካርታ አንስታ ብዙ አየቻትና፦

«ቆይ፣ እሷስ መቼ ነው የምትቀመጠው? ማን ይተካታል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ እስከ ቤቴ ተከተለኝ፣ እታለም። ቤቴ እንደገባሁ የመጨረሻ ደብዳቤሽን አወጣሁ። ሌላ ከተማ ያለው የስፌት ትምህርት ቤት ለስድስት ወር ተቀብሎሽ፣ አባባን ለማን ትቼ ብለሽ ልትተዪው እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፈሽ፣ «አንተ አታስብ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብለሽ ዘግተሻል። መጀመሪያ ሳነበው አባባን እጠብቃለሁ ማለትሽ መስሎኝ፣ ጎበዝ እህት አለችኝ ብዬ በሰላም ተኛሁ። አሁን ግን ሌላው ትርጉም ብቅ አለብኝ። አራት ዓመት ሙሉ እኔን ስትጠብቂ ኖረሽ እንደሆነስ? ፊደሉ አንድ ነውና መለየት አልቻልኩም። አፈርኩ፤ አልደብቅሽም።

በነጋታው አለቃችን ዘንድ ገባሁ። የተጠራቀመ ፈቃዴ ላይ ጨምረው ስድስት ወር ተኩል ለቀቁኝ፤ ቦታዬንም እንጠብቅልሃለን አሉኝ። የትኛው መጠበቅ እንደሆነ በነሱ ቋንቋ ግልጽ ነበር፤ በኛ ስጽፍልሽ ነው የተምታታው። ትምህርቱ በሰኔ መግቢያ ይጀመራል ብለሻል፤ እኔ ግንቦት ሃያ ቤት እገባለሁ። ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ደውለሽ እመጣለሁ በያቸው። ስለ አባባ አታስቢ፤ ማጠብ ሥራዬ ነው፣ እንዳልተኩሰው ብቻ እጠነቀቃለሁ። ፍሬን ካርታውን አውሶኛል። ሥዕሉን እኔ ለአባባ እየነገርኩት ታሪኩን እሱ ያወራል፤ ስለማያየው እንዲያውም ከሁላችንም ይበልጣል።

አባባን ግንባሩን ሳሚልኝ። አክስታችንን ሰላም በይልኝ፤ ከስቷል ማለቷን ትተው፣ ቀበቶዬን አምጥቼ አሳያታለሁ። ለመንትዮቿ ባለ ሦስት እግሩ ዶሮ እየመጣ ነው በያቸው። ጎረቤታችንን ጡረተኛውን መምህር አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ ይህንን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ ሊያርሙት ከፈለጉ ያርሙት፣ «እጠብቃለሁ» የምትለዋን ግን አይንኩብኝ። ለየትኛው እንደጻፍሽው ስመጣ አንቺው ትነግሪኛለሽ።

እስከዚያው ሻንጣሽን አውርጂና አቧራውን አራግፊ። ተራው የኔ ነው፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ተማሪ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሚያዝያ 14 ቀን