የዘውዴ ጠማማ በር

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ዛሬም ቦይ። ግቢዬን ከመንገዱ እስከ ቤቱ ግድግዳ ሰንጥቄዋለሁ፤ ጥልቀቱ ግን ገና ጉልበቴ ጋ ነው። እጄ ተልጧል። ከዘውዴ ግቢ ሳቅ ይሰማል። ባሏና ሁለት ልጆቿ ይቆፍራሉ፣ እሷ ጠላ ትቀዳለች። የእነሱ ቦይ ሰው ይውጣል።

ኢንጂነሩ ያለውን እንዳልረሳው ልጻፈው። ኮረብታው ላይ ውኃ ይሞቃል። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት ከገብስ ገለባና ከሰጋቱራ በተጠፈጠፈ ማገዶ። አስታ አይቆረጥም፣ ባህር ዛፍ አይቆረጥም። የሞቀው ውኃ በመሬት ውስጥ በቱቦ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ወደ እኛ ረድፍ ቤቶች፣ ከእኛ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው ማዋለጃ። በየቤቱ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ብረት ውስጥ ይዞራል፣ ሙቀቱን ትቶ ያልፋል፣ በመጨረሻ እንደገና ሊሞቅ ወደ ኮረብታው ይመለሳል። ሙከራ ነው። ከሠራ ለመላው ደባርቅ፣ ከዚያ ለዳባት። ትልቁን ቱቦ እነሱ ይቀብራሉ። የግቢውን ቦይ ባለቤቱ ይቆፍራል፣ እስከ ወገብ።

"ኔትወርክ" ይለዋል። ትናንት በስብሰባው ላይ ዘውዴ፣ ከእንግዲህ ዘ. ልበላት፣ ተነሥታ፣ የስልኩ እንኳ በአየር መምጣት አቅቶት ይኼኛው በመሬት ተስቦ ሊደርስ ነው? አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢንጂነሩም ሳቀ። ልጅ ነው፣ የጎንደር ልጅ። የሰጠንን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሚጫወተው ከእሷ ጋር ነው።

ጥቅምት 9

ቋጥኝ። ልክ ከመስኮቴ ሥር። ዶማው ይነጥራል።

የዘ. ባል አያ አለሙ በአጥሩ ላይ አየኝ። ልጆቹን ልላክልሽ አለ። እምቢ አልኩ። ዘ. ቀበል አድርጋ፣ "እታለም፣ ወንፈል ነው እኮ፣ ነገ ትመልሽዋለሽ" አለች። በምን እመልሳለሁ? ወንፈል ጉልበት በጉልበት ነው። ቤቴ ውስጥ ዶማ የሚያነሣ እንደሌለ እያወቀች። የማይመለስ ወንፈል ምጽዋት ነው። ከማንም እቀበላለሁ። ከእሷ አልቀበልም።

ደብተሬ፣ ብረቱ ለምን እንደሚያስፈልገኝ አንተ ታውቃለህ። ባለቤቴ ይግዛው ከሞተ ወዲህ ቤቴ ከሰል ገብቶ አያውቅም። በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ አድራለሁ። ያን ለት ሲያስለው፣ በረደኝ ሲል፣ በደንብ ያልቀላ ከሰል አስገባሁለት። ብርድ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩ። የጽዮን ማኅሌት ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሊነጋ ሲል ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ሰው ሳሉ ገደለው አለ። እኔም ሳሉ ነው አልኩ።

የከሰሉን ጆንያ ከዘ. ጋር ነበር የተካፈልነው። እነሱም ያን ሌሊት አስገብተው ነበር። አያ አለሙም እንደ ይግዛው ያስለዋል፣ ያኔም ዛሬም። የእነሱ በር ግን ጠማማ ነው። ክፍተቱ እጅ ያስገባል። ማታ ማታ የኩራዙ ብርሃን በዚያ ወጥቶ እኔ ግቢ ይደርስ ነበር፤ አሁን የአምፖሉ። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ሰው በከብት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። እኔ በጠማማ በር።

ጥቅምት 14

ቦይ ተለካ። ኢንጂነሩ አንድ ሰው ሁሉን አይዞርም ብሎ ጎረቤት የጎረቤቱን በዱላ እንዲለካ አዘዘ። የእኔ ለአያ አለሙ ደረሰው። ዱላው ቋጥኙ ላይ ቆመ። እስከ ጉልበት ብቻ። አየኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መንገዱ ጮኸ፣ ደህና ነው፣ እስከ ወገብ ነው!

አላመሰገንኩትም። ሰው ሲያዝንልኝ ጥርሴ ይፋጫል።

ቱቦው ጥቁር ስፖንጅ ለብሷል። ስስ ነው። የአባቴ የእህል ጉድጓድ ትዝ አለኝ፤ ገለባ በደንብ ከተጠቀጠቀበት እህሉን ክረምቱን ሁሉ ደረቅ አድርጎ ያቆየው ነበር። እኔም ሙሉ ጆንያ ገለባ ጠቀጠቅሁበት። ይኼን ዘ. አላሰበችውም።

ጥቅምት 17

ያለ ወቅቱ ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ቦዬ ገና በደንብ አልተደለደለም፣ ውኃው ተኛበት። ይደርቃል።

ኅዳር 12፣ ማታ

መጣ! ከላይ ተለቀቀ። መንገዱ እልል አለ። መምሬ ጸሎት አደረጉ። መጀመሪያ ዘ. ቤት ገባን። ብረቱ ይፋጃል። ዘ. መዳፏን አስነክታ ቶሎ ነጠቀችና፣ የመኪና ራዲያተር ቤቴ ገባ፣ እንግዲህ ሾፌር ፈልጉልኝ አለች። አያ አለሙ ጀርባውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። አልሳለም።

እኔ ቤት ገቡ። ሁሉም ነካ ነካ አደረጉ። እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ። መምሬ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው አሉ።

ኅዳር 13

ለብ ያለ። እንደ ታመመ ሰው እጅ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ማኅሌት አልሄድኩም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሄጄ አላውቅም። ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል።

ዘ. ቤት እንግዳ ሞልቷል። ከዛሪማ የመጡ ዘመዶቿ ናቸው፣ የቆላ ሰዎች፣ ብርድ አይችሉም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የበግ ጠጉር አጥባ ብረቱ ላይ ዘርግታለች። የእኔ ሙቀት ነው። ቱቦው በእሷ በኩል አልፎ ነው ወደ እኔ የሚደርሰው። ላዩን እሷ ትጠጣዋለች፣ ለእኔ አተላው ይደርሰኛል።

ደጋግሜ ብረቱን ነካሁ። ደጋግሜ አጥሩ ጋ ሄድኩ። ያየኝ የለም።

ኅዳር 24

ኢንጂነሩ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ከእኛ ረድፍ የሚያልፈው ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ማዋለጃው ክፍል አይሞቅም፣ ትናንት የወለደችውን እናት ወደ ሌላ ክፍል አዛወሯት አለ። ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ካልተገኘ ሙከራው ይቆማል። እማማ፣ እርስዎ ወረቀቱን አንብበዋል፣ ምን ይመስልዎታል? አለኝ።

ጠየቀኝ። በመጨረሻ እኔን ጠየቀኝ።

ነገርኩት። በሩ ጠማማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ጠጉር ይደርቅበታል አልኩ። አንድም አልዋሸሁ። ሁሉም እውነት ነው። ጽፎ ያዘ።

ኅዳር 25

መዶሻ ሲጮህ ዋለ። አያ አለሙ በሩን እያቃና። ኢንጂነሩ ተቆጥቷቸዋል። ክፍተቱን በጣውላ ደፈነው፣ የቀረውን በጭቃ መረገው። አሁን ቀጥ ያለ በር አላቸው። አላማረበትም።

ኅዳር 27

በሩ ቢቃናም ውኃው ያው ቀዝቃዛ ነው። የዘ. መስመር ለጊዜው ተዘጋ። ዘ. መንገዱ ላይ ቆማ፣ "እኔ ሙቀት በእንስራ ቀድቼ ሸጥኩ?" ስትል ሰማኋት። የሳቀ የለም። እሷም አልሳቀችም።

የእኔ ብረት ዛሬ ትንሽ ሞቀ። ትንሽ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 28፣ ጠዋት

ከባድ ውርጭ። ጣራው፣ አጥሩ፣ ሣሩ፣ ሁሉ ነጭ። የዘ. ግቢ ነጭ። መስመሯ ባይዘጋም ነጭ ይሆን ነበር፤ የቆፈሩት ሰው የሚውጥ ቦይ ነው።

የእኔ ግቢ አይደለም። ከመንገዱ እስከ መስኮቴ አንድ ጥቁር መስመር። እርጥብ፣ ውርጭ ያልያዘው፣ ቀጥ ብሎ በቦዬ ላይ። የእሷ ዶሮዎች አጥሩን ሾልከው መጥተው ተደርድረውበታል፣ ሆዳቸውን እያሞቁ።

ቁጭ ብዬ እጄን አኖርኩበት። መሬቱ ሞቆ ነበር። ሙቀቱን የሚበላው በዝናቡ የራሰው ገለባዬ ነው። የዘ. ቤት አልነበረም።

ዶሮዎቹን አባረርኩ። ደረቅ ገለባ አምጥቼ ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት።

ኅዳር 29፣ ጠዋት

ገለባው ላይ ውርጭ ተኝቷል። ሁሉ ነጭ። ምንም አይታይም። ኢንጂነሩ በመንገዱ አለፈ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። እኔም አፀፋውን።

ኅዳር 29፣ 1 ሰዓት ገደማ፣ ምሽት

ሽሮዬን በላሁ። ብረቱ እንደ ትናንቱ ለብ ብሏል። ስለ ዘ. ላለመጻፍ ነበር የተቀመጥኩት። አያ አለሙ ዛሬ ከቀትር ጀምሮ ሲስል ነበር። በረዳቸው። ይብረዳቸው፣ እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት በርዶኝ የለ። ልጆቿ በቅሎ ይዘው ቱሪስት ተከትለው ወደ ተራራው፣ ወደ ጨነቅ ሄደዋል፣ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። ወደ ማታ ላይ ዘ. ከገበያ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ጆንያ ተሸክማለች። እጇ ጠቁሯል።

ቤታቸው ጨለማ ነው። በዚህ ሰዓት አይተኙም። መብራት አልጠፋም፣ እኔ ጋ አለ። ብርሃኑ በበሩ በኩል የማይታየው ክፍተቱ ስለተደፈነ

ታኅሣሥ 1

ትናንት ጠዋት መጻፍ አልቻልኩም።

ከትናንት ወዲያ ማታ ሮጬ በራቸውን አንኳኳሁ፣ አልተከፈተም። በትከሻዬ ገፋሁት። ከላይኛው ማጠፊያ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ እኔም ከእሱ ጋር። የከሰሉ ማንደጃ መካከል ላይ ቀልቷል። አያ አለሙ መደቡ ላይ ጎኑን ይዞ ያስመልሰዋል። ዘ. ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ስጠራት አትመልስም። እሱን በብብቱ፣ እሷን በክንዷ፣ እንደ ምንም ጎተትኩ። ውጭው ውርጭ ነበር። ተመስገን፣ ውርጭ ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አያ አለሙ መጀመሪያ ያለው፣ "ይኼን በር እኮ ገና አሁን ነው ያቃናሁት።"

እኔ ቤት አሳደርኳቸው። እዚያው፣ ለብ ያለው ብረት ሥር፣ ነገርኳቸው። ሙቀቱን የሚበላው የእኔ ቦይ ነው አልኩ። ለኢንጂነሩ ያወራሁትንም። ገለባ ያለበስኩትንም። ይግዛውን በምን እንደገደልኩትም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዘ. በእጇ ከለከለችኝ። ከሰሉን ያን ለት ጠዋት ያወጣሁት እኔ ነኝ እታለም፣ እናውቃለን አለች። ለማንም አልተናገረችም። ይኼን ሁሉ ዘመን።

አያ አለሙ፣ እኔም ዱላዬን አስዋሽቼዋለሁ፣ አጥፍቻለሁ አለ። ዘ. ግን ዘወር ብላ፣ "በብርድ ስንቀመጥ በአጥር ታዪን ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስኪነጋ አልመለሰችውም።

ትናንት ጠዋት ለኢንጂነሩ ገለባውን ገለጥኩለት። ብዙ ቆሞ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። የእኔን ዘጋ፣ የዘ.ን ከፈተ። የማዋለጃው ብረት ዛሬ ጠዋት እጅ አያስነካም ብሎ ላከብኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ምሽት

ብረቴ ቀዝቃዛ ነው። ጋቢ በጋቢ ላይ። የእነሱ ሞቋል፤ አያ አለሙ አልሳለም። ቀናሁ፣ አልዋሽህም።

ዛሬ አጥሩን ዞሬ በበራቸው ገባሁ። የተነቀለው በር እንደ ነገሩ ተደግፏል፣ ከድሮውም ይበልጥ ጠሟል። ቆሜ፣ ልጆችሽን ለወንፈል ስጪኝ አልኩ። ቋጥኙን ይፍለጡልኝ።

ዘ. የበግ ጠጉሯን እየባዘተች ነበር። ቀና አላለችም። በምን ትመልሺዋለሽ? አለች። በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። አንድ ጭብጥ ጠጉር አነሣችና፣ ልጆቹ ሲመለሱ በሁለተኛው ቅዳሜ ይቆፍራሉ፣ ጠላው ካንቺ ነው አለች። "ደግሞ ወፈር አድርጊው። የአንቺን ጠላ ቀለም የነካው ውኃ ነው የሚሉት፣ ማንንም አያሰክርም።" አሁንም ቀና አላለችም። እሺ አልኩ።

በመስኮቴ አየሁ። በበራቸው ክፍተት ብርሃኑ ወጥቶ ቦዬ ድረስ ተዘርግቷል።

ነገ ጌሾ እወቅጣለሁ።