የነከሰችኝ ድመት እንዳትሞት

ሰኞ

ነከሰችኝ። ቀኝ እጄን፣ አንጓው ላይ፣ አራት ቀዳዳ። በግራዬ ስለምጽፍ ፊደሉ ዶሮ የጫረው መስሏል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሱቄ ጀርባ ሐጂ ሰይድ የማሽላ መጋዘን አላቸው። ነገ የነቀዝ ክኒን ጨምረው ሊዘጉት ነበር፤ የዚያ ክኒን ጭስ ደግሞ ትንፋሽ ያለውን ሁሉ ይገድላል። ከባዶ ጆንያ መሃል ሦስት የድመት ግልገሎች አየሁ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። እናታቸውን ሳጣት ጥላቸው ሄዳለች ብዬ በባዶ እጄ ካርቶን ውስጥ ላስገባቸው ጎንበስ አልኩ። ከየት መጣች ሳልል ተጣበቀችብኝ። ለካስ ለአደን ወጥታ ነበር። ባለቤት የላትም፣ የመናኸሪያ ድመት ናት።

በሳሙና አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ያበደ ውሻ ተገድሏል። እርሷንም ነክሷት ቢሆንስ? ወይ ጉዴ!

ማክሰኞ

በጠዋት ሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። ነርሷ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋችኝና ስለ ድመቷ ትጠይቀኝ ጀመር። የት ነው ያለችው? ትበላለች? «እንዳትገድሏት። ከተነከስሽ ጀምሮ አሥር ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች አንቺም ከስጋት ወጣሽ» አለችኝ።

ስመለስ ሲሪንቃ ላይ ስንደርስ ብልጭ አለብኝ፤ ጌታቸው! ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ጠዋት «ቆይ ብቻ ላግኛት» እያለ ትቼው ነው የሄድኩት። ስልኩ አይነሳም። መርሳ ወርጄ እየሮጥኩ ስደርስ ብረት ይዞ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። «እንዳትነካት!» ብዬ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

«ነክሳሽ ደግሞ ጠበቃ ልትቆሚላት?»

የነርሷን ቃል ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ብረቱን አስቀመጠ።

ሐጂ ክኒኑን አቆዩልኝ። «ነቀዙ ማሽላዎን ይጨርሰዋል እኮ» ብላቸው፣ «ይጨርሰው ልጄ። አላህ አፊያ ያድርግሽ እንጂ» አሉኝ።

ረቡዕ

አለች! አይጥ በአፏ ይዛ ስትገባ አየኋት።

ጾም ነው። እኔ ሽሮዬን በልቼ ለእርሷ ሥጋ ገዛሁ። መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ ክው አልኩ፤ የያዝኩት የክርስቲያን ሥጋ፣ ቤቱ የሐጂ። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ለእኔ ነው እንዴ ያመጣሽው? እርሷን ጠይቂያት!» በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሙልጭ አድርጋ በላች።

በዚህ ብተወው ምን ነበረበት! ምራቋ የነካው ሁሉ በሽታ መስሎ ታየኝ። ስትወጣ ጠብቄ ከግልገሎቹ ጆንያ በቀር ጥጉን በሙሉ በበረኪና ፈተግኩት።

ሐሙስ

የሉም። እናትም ልጆችም የሉም። ጆንያው ባዶ ነው።

ሐጂ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ወጡ። «እኛ ያልቻልነውን ሽታ፣ አራስ እንዴት ትቻለው?» አሉ። እጄን በቆረጠው! ደህና የነበረችውን በገዛ እጄ አባረርኳት።

ዓርብ

ሁለተኛ መርፌ። ነርሷ «አለች?» ስትለኝ «አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ክትባቱን እስከ መጨረሻው ትወስጃለሽ። አትፍሪ።»

አትፍሪ! ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን ነው የማዳምጠው። ልጄን አቅፌ ማስተኛት ትቻለሁ። ለምን ብላ ስትጠይቀኝ እጄን አመመኝ አልኳት።

ቅዳሜ

ገበያው ጢም ብሏል። የፈለግኩበት፦ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ከማንጎ ሻጮቹ ሣጥን ሥር፣ መናኸሪያው፣ የትምህርት ቤቱ አጥር። ግራጫ ድመት ሦስት አየሁ። የእኔዋም ግራጫ ናት፣ ግን አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ነው። አንዷ ሴትዮ «ይቺ አበደች እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ከቃል ሁሉ ይህን ቃል!

እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ ለድመት ዕድሜ ስለምን ዋልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለእናቴም እንዲህ አልለመንኩ።

ጌታቸው መሰላል ተውሶ የጎረቤቱን ጣሪያ ሁሉ ሲያይ ዋለ። ምንም የለም።

ማክሰኞ

ሦስተኛ መርፌ። ትናንት ምንም አልጻፍኩም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍርሃት ነው? ወይስ ጀመረኝ? ጌታቸውን ልጠይቀው ብዬ አየሁት። እርሱም እጄን እያየ ነበር።

ሐሙስ፣ አሥረኛው ቀን

ጌታቸው ከጋራዡ ደወለ። «አለች» አለኝ። ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ሞተሩ የወረደ የጭነት መኪና አለ። ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ ያ የተቀደደ ጆሮ። ሦስቱም ልጆቿ ሥሯ ናቸው፣ ዓይናቸው ተገልጧል። የጌታቸውን ምሳ በልታ ጨርሳ እጇን ትልሳለች። ነርሷ ጋ ደወልኩ። ብዙ ጠየቀችኝ፤ ትበላለች? አካሄዷ? አፏ? ሁሉንም መለስኩ። «በቃ፣ ተርፈሻል» አለችኝ። እዚያው የሞተር ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልጠጋ ስል ጥርሷን አውጥታ «ፍፍፍ» አለችብኝ። ጌታቸው ቀሚሴን ጎትቶ መለሰኝ። «ተያት በአምላክ! በራሷ ጊዜ ትውጣ።»

የመኪናው ባለቤት ሰኞ መኪናዬን ብሎ ይመጣል። «ምን ልትለው ነው?» ብለው፣ «ሞተሩ ገና ነው እለዋለኋ» አለኝ። ሞተሩ ከኋላው ተጠግኖ፣ ተወልውሎ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ለደንበኛ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም።